ሐምራዊው ቀለም ብዕሬ ላይ ሲደርቅ ምን አደረግኩ

በውስን ቁጥር የተመረተ ሐምራዊ ቀለም አግኝቼ ብዕሬን ሞላሁት። ልብ የሚወስድ ቀለም ነው፤ ወፈር ብሎ ሲያርፍ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ነጸብራቅ ያወጣል። ችግሩ ግን፣ ክዳኑን ከፍቼ ትንሽ ከቆየሁ አልጽፍም ይላል። ጫፉ ላይ ወርቃማ ቅርፊት ይጋገራል።

የብዕር ቀለም በአብዛኛው ውሃ ነው። የአዳማ ሙቀትና ነፋስ ውሃውን ያተነዋል፤ ማቅለሚያው ጫፉ ላይ ይቀራል። እንዲህ የሚያብረቀርቁት ቀለሞች ማቅለሚያቸው ብዙ ስለሆነ ይብስባቸዋል።

ብዕሩን ፈታትቼ፣ ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት። የፈላ ውሃና አልኮል ፕላስቲኩን ስለሚጎዱ አደራ፣ አትሞክሯቸው። ከዚያ በሶፍት አደረቅኩት። ትንሽ ቀለም ለብቻው ቀንሼ ዲስቲልድ ውሃ ጠብ አደረግኩበት፤ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ማለቴ ነው፣ አሲዱን እንዳይሆን! ዋናውን ጠርሙስ አልነካሁም፤ ይሄ ቀለም ካለቀ ምትክ የለውም።

አሁን ፊደል ሳይዘል ይጽፋል። ስጨርስ ወዲያው እከድነዋለሁ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርጌ አቆመዋለሁ። የቢሮ ማኅተም ቀለምም ሐምራዊ ነው ብላችሁ ግን ብዕር ውስጥ እንዳትጨምሩ፤ ወፍራም ስለሆነ ይደፍነዋል።