መብራት ድርግም ሲል የማይበላሽ ዲስክ፦ ኤክስት4ን በአግባቡ ማዘጋጀት

አዳማ ውስጥ ፎቶ ቤት፣ ኮፒ ቤት ወይም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሥራ ላላችሁና ሊኑክስ ለምትጠቀሙ ነው ይህን የምጽፈው። የሰርግ ቪዲዮ ከካሜራ ወደ ሃርድ ዲስክ እየተገለበጠ መብራት ድርግም ሲል ያለውን ድንጋጤ ታውቁታላችሁ። መብራቱን ማስቀረት አንችልም። ዲስኩ ግን መብራት ሲመጣ ራሱን አስተካክሎ እንዲነሳ ማድረግ እንችላለን።

አንድ ፋይል ስታስቀምጡ ኮምፒውተሩ የሚጽፈው አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። ይዘቱ አንድ ቦታ፣ ስሙና መጠኑ ሌላ ቦታ፣ የትኛው የዲስክ ክፍል እንደተያዘ የሚያሳየው ደግሞ ሌላ ቦታ ይጻፋል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። ኤክስት4፣ ማለትም ሊኑክስ ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጅበት ፋይል ሲስተም፣ ለዚህ ጆርናል የሚባል ቦታ አለው፤ ባለሱቅ ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት ዱቤ መዝገቡ ላይ እንደሚያሰፍር፣ ለውጡን መጀመሪያ እዚያ ይጽፍና ከዚያ ወደ ቦታው ያስገባዋል። መብራት ሲመለስ ጆርናሉ ይነበባል። ሙሉ በሙሉ የተመዘገበው ይፈጸማል፣ ያላለቀው ይተዋል።

ኤክስት4 በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ ከሊኑክስ 2.6.28 ጋር ለመደበኛ ሥራ ዝግጁ ተብሎ የወጣ ነው፣ ስለዚህ በደንብ የተፈተነ ነው። ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ሌላው የሊኑክስ ፋይል ሲስተምም ጎበዝ ነው፣ በተለይ ለትልልቅ ፋይል። ግን ፓርቲሽኑን (ዲስኩ የተከፈለበትን ክፍል) በኋላ ላሳንሰው ብትሉ ያስቸግራችኋል። ለአንድ ሱቅ ኤክስት4 ይበቃል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ፎርማት ሁሉንም ያጠፋል። ከዚያ ኡቡንቱ ላይ ዲስክስ የሚለውን ፕሮግራም ክፈቱ። በግራ በኩል ያሉትን ዲስኮች በመጠናቸውና በሞዴላቸው ለዩ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ፣ የተሳሳተ ዲስክ ፎርማት ከተደረገ ጆርናልም አያድነው። ፓርቲሽኑን መርጣችሁ ባለጥርስ ክብ (ጊር) ምልክቷን ስትነኩ ፎርማት የሚል ታገኛላችሁ። ስም ስጡት፣ ዓይነቱን ኤክስት4 አድርጉ፣ አለቀ።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩ አብሮ እንዲነሳ ማድረግ ነው። እዚያው ምልክት ውስጥ ኤዲት ማውንት ኦፕሽንስ ግቡና ዩዘር ሴሽን ዲፎልትስ የሚለውን ምርጫ አጥፉት። በዩዩአይዲ (በፓርቲሽኑ የራሱ መለያ ቁጥር) እንዲለይ ምረጡ፤ ሌላ ዲስክ ሲሰካ ሊኑክስ ኤስዲቢ ብሎ የሰየመው ኤስዲሲ ሊሆን ይችላል፣ ዩዩአይዲ ግን አይቀየርም። ኖፌይል የሚለው ቃል መኖሩን አረጋግጡ። እሱ ከሌለ፣ አንድ ቀን ዲስኩ ተነቅሎ ኮምፒውተሩን ስታበሩ እሱን ሲጠብቅ ቆይቶ ጥቁር ስክሪን ላይ ይቀራል፣ ደንበኛ ደግሞ በር ላይ ቆሟል። ከጎኑ ኖኤታይም ጨምሩ። ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓት መመዝገቡን ያስቀራል፣ የማያስፈልግ መጻፍም ይቀንሳል።

ይሄ ሁሉ የሚቀመጠው ኤፍኤስታብ የሚባል ፋይል ውስጥ ነው። ከፍታችሁ የዲስካችሁን መስመር እዩ። የመጨረሻው ቁጥር 0 ከሆነ ወደ 2 ቀይሩት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩን እንዲፈትሸው ማለት ነው። ከነካካችሁት በኋላ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ፋይንድኤምኤንቲ --ቬሪፋይ ብላችሁ አስፈትሹት። ትዕዛዞቹን በአጠራራቸው ነው የምጽፋቸው፣ እናንተ በትንንሾቹ የላቲን ፊደላት አስገቡ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኤክስት4 ከዲስኩ 5 በመቶ ለሲስተሙ ብሎ ይይዛል። ሊኑክስ ራሱ የተጫነበት ፓርቲሽን ላይ ይህ ጥሩ ነው፣ አትንኩት። ቪዲዮ ብቻ በሚቀመጥበት 1 ቴራባይት ላይ ግን 50 ጊጋባይት ያህል ዝም ብሎ ተያዘ ማለት ነው። ሱዶ ቲዩን2ኤፍኤስ -ኤም 1 ብላችሁ ዲስክስ ላይ ዲቫይስ በሚለው ሥር የሚታየውን የፓርቲሽኑን ስም ስታስከትሉ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል፣ 40 ጊጋባይት ገደማ ይመለስላችኋል።

አሁን ዋናው ነገር። ጆርናሉ በተለመደው አሠራሩ የሚመዘግበው መዋቅሩን እንጂ የፋይላችሁን ይዘት አይደለም። ሴቭ ያልተደረገ ሥራ መብራት ሲጠፋ ይጠፋል። ሴቭ የተደረገውም ቢሆን ወዲያው ዲስክ ላይ ላይጻፍ ይችላል፣ እስከ 30 ሰከንድ አካባቢ ራም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ ትልቅ ነገር ገልብጣችሁ ስትጨርሱ ተርሚናል ላይ ሲንክ ብላችሁ እስኪመለስ ጠብቁ። የካሜራውን ካርድ ከዚያ በፊት አታጥፉ። ይቺን አንዷን እንኳ ብትለምዱ ደስ ይለኛል።

ይዘቱም ጆርናል ውስጥ ይግባልኝ ካላችሁ ዴታ=ጆርናል የሚል የማውንት ምርጫ አለ። ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ ይዘገያል። የሒሳብና የደንበኛ መዝገብ ለሚቀመጥበት ትንሽ ፓርቲሽን ያዋጣል፣ ለቪዲዮ ግን አትሞክሩት። በተቃራኒው ፍጥነት ይጨምራል እየተባለ ጥበቃውን የሚያላሉትን ዴታ=ራይትባክ ወይም ኖባሪየር አድርጉ የሚሉ ምክሮች ታያላችሁ። እኛ ጋ መብራት እንዲህ እየሄደ እየመጣ አይሆንም፣ ተዉት። ትንሽ ዩፒኤስ ግዙ፤ አምስት ደቂቃ ብትሰጣችሁ ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለመዝጋት ትበቃለች።

ሁሉም መሥራቱን ለማየት ሆን ብላችሁ ገመድ አትንቀሉ። ሪስታርት አድርጋችሁ ዲስኩ ቦታው ላይ መምጣቱን እዩ፣ አንድ ፋይል ጽፋችሁ ክፈቱ። መብራት የጠፋ ቀን ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሪከቨሪንግ ጆርናል የሚል መስመር ልታዩ ትችላላችሁ። አትደንግጡ፣ አታጥፉት፣ ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ነው የሚጨርሰው። ከተነሳ በኋላ የሲስተሙን መልዕክቶች የሚያሳየውን ሱዶ ዲሜስግ ብትሉ ሪከቨሪ ኮምፕሊት የሚል ልታገኙ ትችላላችሁ።

በየጥቂት ወሩ ደግሞ ዲስኩን አንማውንት አድርጋችሁ (ከሥራ አውጥታችሁ) ከዲስክስ ቼክ ፋይልሲስተም በሉት። ሪፔር (ጥገና) ሥራ ላይ ባለ ዲስክ ላይ በፍጹም አይደረግም፣ የበለጠ ያበላሸዋል። ለደንበኛ በምትሰጡት ፍላሽ ላይም ኤክስት4 አታድርጉ፣ ዊንዶውስ አያነበውም። ኤክስፋት ይሻላል፤ እሱ ግን ጆርናል ስለሌለው ኢጀክት ሳትሉ አትንቀሉት።

ዲሜስግ ላይ አይኦ ኤረር (የማንበብ ወይም የመጻፍ ስህተት) እየተደጋገመ ከመጣ ነገሩ ከመብራት አልፏል። ኬብሉን ቀይራችሁ እዩ። ካልተስተካከለ ዲስኩ ራሱ እየሞተ ነው፤ ሪፔር ስትሉ ጊዜ አታባክኑ፣ ያለውን በቶሎ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ።