የአንዲት ትንሽ ከተማን የሙዚቃ ታሪክ እንዴት መሰነድ ይቻላል?

የአንዲት ትንሽ ከተማን የሙዚቃ ቅርስ ለመሰነድ የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ስሙ ከገነነው የከተማዋ ልጅ ነው። እኔ ከእርሱ ባይጀመር እመርጣለሁ፤ ስለ ዝነኛው ብዙ የተጻፈ ሲሆን፣ መሣሪያ አያያዝ ያስተማረው፣ ከጎኑ ሆኖ ያጀበውና በዚያው በከተማዋ የቀረው ባለሙያ ግን የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ የማለፉ ነገር ያሰጋል። ስለዚህ ከስም ዝርዝር በፊት የቦታ ዝርዝር ይዘጋጅ፤ አዳራሾች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የጸሎት ቤቶች፣ የምሽት ክበቦች፣ ካሴት የሚባዛባቸውና የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠገንባቸው ሱቆች ይመዝገቡ። በየቦታው ማን ይጫወት እንደነበር ሲጠየቅ ስሞቹ በራሳቸው ይመጣሉ።

አንድን ሙዚቀኛ «የከተማችን ልጅ» ብሎ ከመጻፍ በፊት የተወለደበትን፣ ያደገበትን፣ የተማረበትንና መድረክ የጀመረበትን ቦታ ለያይቶ መመዝገብ ያስፈልጋል። ጥላሁን ገሠሠ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. የተወለደው አዲስ አበባ ሲሆን ያደገው ወሊሶ ነው፤ ሁለቱም ከተሞች ልጃችን ቢሉት አልተሳሳቱም፤ መዝገቡ ግን የትኛዋ በምን ምክንያት እንደምትለው በግልጽ መናገር አለበት። አሜሪካዊው የብሉዝ ሙዚቀኛ ማዲ ዋተርስ በሚሲሲፒ ግዛት በምትገኘው ሮሊንግ ፎርክ እ.ኤ.አ. በ1915 እንደተወለደ ይናገር ነበር፤ ዝና ሳያገኝ በፊት የተጻፉት የጋብቻ ፈቃዱና የሙዚቀኞች ማኅበር መታወቂያው ግን 1913 ይላሉ። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥም ሁለቱም ከነምንጫቸው ይመዝገቡ እንጂ አንዱ ተመርጦ ሌላው አይሰረዝ። ከዚያው ግዛት የወጣውና እ.ኤ.አ. በ1938 የሞተው የብሉዝ ሙዚቀኛ ሮበርት ጆንሰን ሦስት የተለያዩ የመቃብር ሐውልቶች ቆመውለታል (አንድ ሰው ሦስት ቦታ እንደማይቀበር ቢታወቅም ሦስቱም ጎብኚ አላጡም)። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፤ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር መካከል እንደ ወሩ የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስለሚኖር፣ ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ መዝገቡ ውሎ አድሮ ራሱን ይቃረናል።

ቃለ መጠይቁ የሥራው እምብርት ነው። «ያ ዘመን እንዴት ነበር?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ የተነገረ ወግ ብቻ ያስገኛል፤ «ይህን ዜማ ከማን ሰማህ?»፣ «መሣሪያውን ከየት አገኘኸው?»፣ «ያን ምሽት ከጎንህ ማን ነበር?» የሚሉት ግን ሰውን፣ ቦታንና ጊዜን ያወጣሉ። አሮጌ ፎቶግራፍ ይዞ መሄድ ከብዙ ጥያቄ ይበልጣል፤ በፎቶው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከግራ ወደ ቀኝ ስሙ ይጠየቅ። ባለታሪኩ መሣሪያ ከያዘ ሳይቋረጥ እንዲጫወት ይተው፤ ስለ ቅኝቱና ስለ ጣት አጣጣሉ የሚጠየቀው ከጨረሰ በኋላ ነው። ድምፁ ባልታመቀ የዌቭ (WAV) ፋይል፣ በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ቢቀረጽ ለማኅደር ይበቃል፤ በዚህ ደረጃ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ቅጂ 1 ጊጋባይት ገደማ ቦታ ይይዛል።

በየቤቱ የሚገኙ ካሴቶች ቀድመው ወደ ዲጂታል መገልበጥ አለባቸው፤ ክራቸው በሙቀትና በእርጥበት ይጎዳልና። ካሴቱን ከማጫወት በፊት በጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች መስበር በስሕተት በላዩ እንዳይቀረጽበት ያደርጋል። የማጫወቻው ራስ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበው ክፍል) በአልኮል ይጽዳ። ክሩ የሚጣበቅ ወይም ዱቄት የሚያራግፍ ከሆነ አለማጫወትና ለባለሙያ ማሳየት ይሻላል። ከተገለበጠው ላይ ጫጫታውን «ለማጥራት» የሚቸኩሉ ሰዎች አሉ፤ ይህን በሌላ ቅጂ ላይ ያድርጉት፣ የመጀመሪያው ግን እንዳለ ይቀመጥ። የሸክላ ሙዚቃ ሲገኝ ድምፁ ብቻ ሳይሆን በመለያ ወረቀቱ ላይ ያለው ጽሑፍና በሸክላው ላይ የተጫረው ቁጥር ጭምር ፎቶ ይነሣ፤ የኅትመቱን ጊዜ ለመገመት ይረዳል።

ለእያንዳንዱ ዘፈን የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪውና ድምፃዊው ተለይተው ይጻፉ። የሰብሳቢዎቹም ስም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1941 በሚሲሲፒ፣ በክላርክስዴል ከተማ አቅራቢያ ማዲ ዋተርስን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀረጸው ጥናት የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትና የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ሥራ ነበር፤ ሆኖም የቤተ መጻሕፍቱ ባልደረባ አለን ሎማክስ ሲታወቅበት፣ የፊስኩ ምሁር ጆን ወርክ ድርሻ ለአሥርተ ዓመታት ተዘንግቶ ቆይቷል።

ከመቅረጽ በፊት ቅጂው ለምን እንደሚውል ተነግሮ የባለታሪኩ ፈቃድ በጽሑፍ ይወሰድ፤ ለሕዝብ እንዲሰማ መፍቀድና ለማኅደር ብቻ እንዲቀመጥ መፍቀድ የተለያዩ ስለሆኑ በቅጹ ላይ ለየብቻ ይጠየቁ። ከሥራው በኋላ ቢያንስ ሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፤ ከሦስቱ አንዱ ከከተማዋ ውጭ ባለ ቤተ መጻሕፍት ወይም ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ፤ ከእነዚህ በተጨማሪ ለሙዚቀኛው ወይም ለቤተሰቡ በእጃቸው ባለው ስልክ ወይም ማጫወቻ ሊሰማ የሚችል ቅጂ ይሰጥ።