ሮላይ 35፦ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከገዛችሁም በኋላ

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሮላይ 35 የሚባለው ትንሽ የፊልም ካሜራ እጃችሁ ከገባ ሌንሱን እንዳትገፉት። ወጥቶ ካገኛችሁት እንደወጣ ይቆይ። እኔ ካየኋቸው የተበላሹ ሮላዮች አብዛኞቹን የገደላቸው እርጅና አይደለም፤ ጉልበት ነው።

ሥራዬ የጥርስ ቴክኒሻን ነው። እዚህ ጀርመን በአንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስሠራ እውላለሁ። ቅዳሜ ሲሆን የአሮጌ ዕቃ ገበያ እዞራለሁ። ከኪሴ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ ከሥራ ቦታ የለመድኩት ማጉሊያና ትንሽዬ የእጅ ባትሪ። እናንተም እነዚህን ሁለቱን ከያዛችሁ ይበቃል። ካቻቢቴ ቤት ይቅር። ካቻቢቴ ይዞ የሚዞር ሰው መፍታቱ አይቀርም።

ሮላይ 35ን መጀመሪያ ሲያዩት ግራ ያጋባል። ሁሉ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፊልም የሚያሳልፈው ማንሻ በግራ እጅ ነው። ፍላሽ የሚሰካው ከታች ነው። ስንት ፎቶ እንዳነሳችሁ የሚነግራችሁ ቁጥርም፣ ፊልሙን መልሶ የሚጠቀልለው እጀታም ከታች ናቸው። ሠሪው ግን አልተሳሳተም። ቦታ አጥቶ ነው።

ሠሪው ሃይንዝ ቫስከ ይባላል። ቪርጊን የሚባል የካሜራ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ነው ሐሳቡን የጀመረው። ቪርጊን ካሜራ መሥራት ሊተው ሲል ቫስከ ብራውንሽቫይግ ከተማ ወዳለው የሮላይ ፋብሪካ ሄደ። ካሜራው በ1966 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኮሎኝ ላይ በፎቶኪና ኤግዚቢሽን ታየ። በ35 ሚሊሜትር ፊልም ላይ ሙሉውን 24 በ36 ምስል ከሚያነሱት ካሜራዎች ሁሉ ትንሹ እሱ ነበር። ወርዱ 10 ሴንቲሜትር አይሞላም። ቁመቱ 6፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከሱ በፊት፣ በ1959፣ ጃፓናዊው ዮሺሂሳ ማይታኒ ኦሊምፐስ ፔንን ሲያወጣ ካሜራውን ያሳነሰው ፍሬሙን (አንድ ፎቶ ፊልሙ ላይ የሚይዘውን ቦታ) ለሁለት ከፍሎ ነበር። ባለ 36 ፊልም 72 ፎቶ ይወጣዋል፤ ግን እያንዳንዱ ግማሽ ነው። ቫስከ ፍሬሙን አልነካም።

ታዲያ ሌንሱን የት ያድርገው? 40 ሚሊሜትር ሌንስ ከፊልሙ መራቅ አለበት። ስለዚህ ቱቦ ላይ አድርጎ እየወጣ እየገባ እንዲሠራ አደረገው። ይህ ብቻውን አዲስ ነገር አልነበረም። ችግሩ ሻተሩ ነው፤ ብርሃን ለማስገባት ተከፍቶ የሚዘጋው ክፍል። ሌንስ ውስጥ የሚገቡት ሻተሮች በዙሪያቸው ጊዜውን የሚቆጥሩ ጥርሳም ማርሾችና ሞላዎች ነበሯቸው፤ በዚያች ጠባብ ቱቦ አይገቡም። ቫስከ ሻተሩን ለሁለት ከፈለው። የሚከፈቱትና የሚዘጉት ስስ ብረቶች ከሌንሱ ጋር በቱቦው ውስጥ ሆኑ። ጊዜ የሚቆጥረው ማርሽ ደግሞ የካሜራው ገላ ውስጥ ቀረ። ለእኔ የካሜራው ትልቁ ብልሃት ይሄ ነው። ሌንሱን በጉልበት ስትገፉ የምትሰብሩትም ይህንኑ ነው።

ሁለቱ የሻተር ክፍሎች በደህና ተላቅቀው ተመልሰው የሚገናኙት ሻተሩ ሲቀባበል ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

ለማውጣት ሌንሱን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ሳቡት። ከዚያ እስኪቆለፍ አዙሩት። መቆለፉ በእጅ ይታወቃል። ካልተቆለፈ አያነሳም።

ለማስገባት ደግሞ መጀመሪያ በግራ ያለውን ማንሻ ጎትታችሁ አቀባብሉ። ከዚያ ካሜራው አናት ላይ ያለችውን የሌንስ መልቀቂያ ቁልፍ ተጫኑ። እንደተጫናችሁ ሌንሱን በተቃራኒው አዙሩና ቀስ አድርጋችሁ ግፉት። እምቢ ካለ አልተቀባበለም ማለት ነው። ተቀባብሎም እምቢ ካለ ካሜራውን ለሻጩ መልሱለትና አመስግናችሁ ሂዱ።

አሁን ገበያ ላይ ቆማችኋል እንበል። ሻጩን አስፈቅዱና ጀርባውን ክፈቱ። ከታች ያለውን መቆለፊያ ስታዞሩ ጀርባውና ወለሉ አንድ ላይ ወደ ታች ተንሸራትተው ይወጣሉ። ፊልም ውስጡ ካለ መጀመሪያ ሻጩን ጠይቁት። የሰው ፊልም ማቃጠል ደግ አይደለም።

ሌንሱን አውጥታችሁ ቆልፉ። ነቅነቅ አድርጉት፤ መወዛወዝ የለበትም። ሻተር ስፒዱን (ሻተሩ ክፍት የሚቆይበትን ጊዜ) ግማሽ ሰከንድ ላይ አድርጉና ተጫኑ። ማርሹ ሲሽከረከር ትሰማላችሁ፤ ድምፁ ሳይቆራረጥ ሄዶ ማለቅ አለበት። መሀል ላይ ቆም ብሎ ከቀጠለ፣ ወይም ክፍት ሆኖ ከቀረ፣ ዘይቱ ደርቋል። ይጠገናል፤ ግን ለጥገናው የምትከፍሉትን ከዋጋው ላይ ቀንሱ። ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ አንድ አሥራ አምስተኛ እያላችሁ ውጡ። ፈጣኖቹን በጆሮ መለየት ከባድ ነው፤ እኔም አልችልም። ከጀርባ በኩል ወደ ሰማይ እያያችሁ 500 (አንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ) ላይ ብርሃን ብልጭ ማለቱን ብቻ አረጋግጡ።

ቀጥሎ የእጅ ባትሪውን ከፊት አብርታችሁ፣ ሻተሩን ክፍት አድርጋችሁ በመያዝ፣ ከኋላ በማጉሊያ ሌንሱን እዩ። ትንሽ አቧራ ምንም አይደለም። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ እኔ አልገዛም። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ከ3.5 እስከ 22 አዙሩት። የአፐርቸሩ ጎማ ከሥሩ ትንሽ መቆለፊያ አለችው፤ እሷን ሳትጫኑ ላይዞር ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ተበላሽቷል ብሎ የሚታገለው።

ባትሪው የሚቀመጠው ፊልሙ ካለበት ክፍል ውስጥ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ እዩ። ቦታው ራሱ ያናድዳል፤ ፊልም መሀል ባትሪው ቢያልቅ መለወጥ አይቻልም። ግን ሌላ የት ይግባ?

የመጀመሪያዎቹ ጀርመን ውስጥ ተሠሩ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራው ወደ ሲንጋፖር ሄደ። ነጋዴዎች ጀርመን ተብሎ የተጻፈበትን አስወድደው ይሸጣሉ። እኔ ለጽሑፍ አልከፍልም። ሁለቱንም ይዤ አይቻለሁ፤ ጤነኛው ነው የሚሻለው። በ1974 የወጣው 35 ኤስ ዞናር የሚባል 2.8 ሌንስ አለው፤ የፊተኛው ቴሳር 3.5 ነው። አፐርቸር 8 ላይ በተነሳ ፎቶ ልዩነታቸውን ለይቶ የሚነግረኝ ካለ ቡና እጋብዘዋለሁ።

ገዝታችሁ ቤት ገብታችኋል። ባትሪ እንፈልግ። ካሜራው የተሠራው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ እሱ ከገበያ ወጥቷል። በቁመናው የሚመሳሰለው አልካላይን 1.5 ቮልት ነው፤ የብርሃን መለኪያውን ያሳስተዋል። ቮልቱም እያደር ስለሚወርድ ስህተቱ አንድ ቦታ አይቆምም። የሚሻለው የጆሮ መስሚያ መሣሪያ ውስጥ የሚገባው 675 የዚንክ ባትሪ ነው። 1.4 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ፋርማሲና የመስሚያ መሣሪያ ሱቆች ይሸጡታል። ቀጭን ስለሆነ ዙሪያውን የሚሞላ ቀለበት ያስፈልገዋል። ላዩ ላይ ያለው ተለጣፊ ከተላጠ በኋላ አየር እየሳበ ይሠራል፤ ብትጠቀሙበትም ባትጠቀሙበትም በጥቂት ወራት ያልቃል። መለኪያው ማጥፊያ ቁልፍ የለውም። ጨለማ ነው የሚያሳርፈው። ስለዚህ ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ አስቀምጡ።

መለኪያው ከላይ በምትታይ ትንሽ መስኮት ሁለት መርፌ ያሳያችኋል። ከፊት ያሉትን ሁለት ጎማዎች እያዞራችሁ መርፌዎቹን ታገናኛላችሁ። ከላይ ሆናችሁ ስለምታዩ ካሜራውን ዓይናችሁ ላይ ሳታደርጉ ሁሉን ማስተካከል ትችላላችሁ። መንገድ ላይ ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ካሜራ ሲነሳ ፊቱን ያስተካክላል፤ ሆዳችሁ ላይ ይዛችሁ ስትነካኩት ግን ማንም አያስተውልም።

መለኪያው ከሞተም ካሜራው ይሠራል፤ ሻተሩ ባትሪ አይፈልግም። በጠራራ ፀሐይ አፐርቸሩን 16 ላይ አድርጉ፤ ሻተር ስፒዱን ከፊልሙ አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት ቁጥር፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው) ጋር አቀራርቡ። 400 ፊልም ከሆነ 500፣ 200 ከሆነ 250። ሰማዩን ደመና ከሸፈነው አፐርቸሩን 8 አድርጉት።

ፊልም ስታስገቡ ማሸጊያውን በቀኝ ነው የምታስቀምጡት። ሌሎቹ ካሜራዎች ላይ በግራ ነው። ፊልሙን የሚጫነውን ሳህን ገልጣችሁ ፊልሙን ወደ ግራ ሳቡት፣ ጫፉን መጠቅለያው ውስጥ ሰኩት፣ ሳህኑን መልሱት። ማንሻውን አንዴ ጎትቱና በላይም በታችም ያሉት የፊልሙ ቀዳዳዎች ጥርሱን መያዛቸውን እዩ። ከዚያ ጀርባውን ከታች ወደ ላይ አንሸራቱ። ጠረጴዛ ላይ ሥሩት፤ የሚወጣው ጀርባ የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ታክሲ ውስጥ ቆሞ ፊልም መለወጥ በዚህ ካሜራ አይሞከርም። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ዳር ላይ ያለው ቁጥር ከምስሉ አንጻር ተዘቅዝቆ ታገኙታላችሁ። ፊልሙ ተገልብጦ ስለሄደ ነው። ፎቶ ቤቱን አትቆጡ።

ርቀቱን የምታስተካክሉት በግምት ነው። አንዳንድ ካሜራ ላይ እንዳለው፣ ርቀቱ ልክ ሲሆን መመልከቻው ውስጥ የሚገጣጠም ድርብ ምስል የለም። ለዚህ አትፍሩ። በቀን ብርሃን አፐርቸሩን 8፣ ርቀቱን 3 ሜትር ላይ አድርጉት። ከ2 ሜትር እስከ 5 ሜትር ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። 11 ካደረጋችሁት ወደ 8 ሜትር ትጠጋላችሁ። እኔ ከሰው ጋር እያወራሁ ስሄድ የምተወው እዚያ ነው። ቤት ውስጥ በ3.5 ስታነሱ ግን ግምት ያጋልጣል፤ እርምጃችሁን ቆጥሩ። ከ90 ሴንቲሜትር በታች አይጠጋም።

ፍላሹ ከታች ስለሚሰካ ጥላው ወደ ላይ ይወጣል፤ የሰው ፊት ያስፈራል። ካሜራውን ገልብጣችሁ ያዙት፤ ፍላሹ ከላይ ይሆናል። አያምርም፣ ግን ይሠራል።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለኔ አይሆንም የምትሉ ካላችሁ ሁለት አማራጭ አለ።

ኦሊምፐስ ኤክስኤ በ1979 ወጣ፤ ይህንንም የነደፈው ማይታኒ ነው። ሌንሱ አይወጣም፣ አይገባም። ርቀት ሲስተካከል የሚንቀሳቀሰው ውስጡ ነው፤ ከፊት ያለው ብርጭቆ ባለበት ይቆያል። ስለዚህ ላዩ ላይ የሚንሸራተት ክዳን አደረጉለት። ክዳኑን ስትከፍቱ ካሜራው ይነሳል፣ ስትዘጉት ይተኛል። ክዳን መርሳት የሚባል ነገር ቀረ። ርቀቱንም የሚገጣጠም ምስል እያያችሁ ነው የምታስተካክሉት። ያለ ባትሪ ግን አያነሳም። ስትገዙ ሁለት ኤልአር44 ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ከታች ያለችውን ማንሻ ወደ ባትሪ መፈተሻው አድርጓት፤ ድምፅ ማሰማት አለበት። ቀዩ መጫኛ በጣም ስስ ነው፤ ደጋግማችሁ ሞክሩት፣ አንዳንዱ እየመረጠ ነው የሚሠራው። ጀርባውን ከፍታችሁ ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክለውን ጥቁር ስፖንጅ ንኩት። እጃችሁ ላይ ከተለጠፈ ይለወጣል፣ ርካሽ ነው።

ሌላው በ1967 የወጣው ኦሊምፐስ ትሪፕ 35 ነው። ባትሪ ጨርሶ የለውም። ሌንሱ ዙሪያ ያለው ሴሌኒየም ከብርሃን ራሱ ኃይል ያመነጫል። መፈተሻው ቀላል ነው። የአፐርቸሩን ቀለበት ወደ አውቶማቲክ አድርጉ፣ ሌንሱን በእጃችሁ ጋርዱና ተጫኑ። መመልከቻው ውስጥ ቀይ ምልክት ብቅ ማለት አለበት፣ ካሜራውም አላነሳም ማለት አለበት። ወደ ብርሃን አዙራችሁ ስትጫኑ ደግሞ ማንሳት አለበት። ደማቅ ብርሃን ፊትም ቀዩ የሚመጣ ከሆነ ሴሌኒየሙ ሞቷል። ለልጅ ወይም ለጀማሪ የምሰጠው ይህን ነው። ኪስ ግን አይገባም፤ የኮት ኪስ ካልሆነ።

ወደ ሮላዩ ልመለስና ስለ አቀማመጡ ልጨርስ። ሌንሱ የሚገባው ተቀባብሎ ስለሆነ፣ ሌንሱን አስገብታችሁ ካስቀመጣችሁት ሞላው ተወጥሮ ነው የሚያድረው። በየቀኑ ለምትይዙት ካሜራ ይህ ችግር የለውም። ለወራት የምታስቀምጡት ከሆነ ግን ፊልሙን ጨርሱ፣ ሌንሱን አውጡ፣ አንዴ ተጫኑና ሳትቀባብሉ ተዉት። የወጣው ሌንስ እንዳይመታ ጠንካራ ሣጥን ውስጥ አድርጉት። ጀርባው ተከፍቶ እያለ ባትሪውንም አውጡት።