ተማሪዎችን መናገሻ ሱባ ጫካ ወስዶ ለማስተማር

አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዞ አስተባብሬ ነበር። ልጆቹ ፎቶ ተነሡ፣ ምሳ በሉ፣ ተመለሱ። ምን እንዳዩ ስጠይቃቸው ያስታወሱት የአውቶብሱን ዘፈን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ የሚሠሩት ነገር አልሰጠኋቸውም።

ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ጫካ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ነው፤ ደርሶ መልስ ይቻላል። ክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። ሹራብ ይያዝ፤ ጠዋት ይበርዳል። ለፓርኩ ቀድሞ ደብዳቤ መጻፍና ወላጅ ማስፈረም አይረሳ።

ታሪኩን ክፍል ውስጥ ጨርሱት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የጥድ ዘር ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው አስተክለውታል ይባላል። ጫካ ደርሶ ቆሞ ንግግር የሚያዳምጥ ልጅ የለም!

እዚያ ስትደርሱ አሥር አሥር አድርጋችሁ ክፈሏቸው፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አዋቂ ይመደብ። ከዚያ ሥራ ስጧቸው። መጀመሪያ ጥድና ዝግባን ይለዩ። የጥድ ቅጠል እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፈ ነው፤ የዝግባው ቀጭን፣ ረዘም ያለና ጠፍጣፋ ነው። የወደቀውን ብቻ ያንሡ፤ መቀንጠስ የለም።

ቀጥሎ የዛፉን ቁመት ይለኩ። ክንድ ሲዘረጋ ከዓይን እስከ ጭብጥ ያለውን ያህል የሚረዝም እንጨት ይያዙ። ክንዳቸውን ዘርግተው እንጨቱን ቀጥ አድርገው ያቁሙት። የእንጨቱ ጫፍና ግርጌ ከዛፉ ጫፍና ግርጌ ጋር እስኪገጥም ወደ ኋላ ይሂዱ። የቆሙበት ቦታ ከዛፉ የሚርቀውን ያህል ነው ቁመቱ። መሬቱ ዳገት ከሆነ ግን ያሳስታል፤ ሜዳ ፈልጉ።

ጉሬዛ ካጋጠማችሁ ዝም በሉ። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል። ልጆቹ አውራ ጣታቸውን አጥፈው ቅርንጫፍ ይያዙ፤ በአራቱ ጣት ብቻ እንደ መንጠቆ ሲይዙት ጉሬዛው እንዴት እንደሚዘል ይገባቸዋል። ይሄን ጨዋታ ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ።

በመጨረሻ ከጥድ ሥርና ከባሕር ዛፍ ሥር አንድ አንድ እርምጃ ካሬ ይከልሉና የበቀለውን ይቁጠሩ። የሁለቱ ቁጥር ለምን እንደተለያየ እናንተ አትንገሯቸው። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ጥያቄ በወረቀት ጽፎ ይስጣችሁ፤ የሰኞው የባዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ከእነዚያ ወረቀቶች ይጀምራል። አውቶብስ ሲሳፈሩ ደግሞ መጀመሪያ ልጆቹን፣ ቀጥሎ የያዙትን ፌስታል ቁጠሩ።