ማጭድ የቆረጠውን እጅ እንዴት እንከታተል

ኅዳር ላይ በምሥራቅ ጎጃም የእነማይ ጤፍ መታጨድ ሲጀምር የምሠራበት ክፍል እጁን በማጭድ በተቆረጠ ሰው ይሞላል። ነርስ ነኝ። በማግስቱ ተመልሶ የሚመጣው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ አበጠብኝ እኮ፤ አመርቅዞ ይሆን?»

መጀመሪያ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳትለቁ ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ሲቆም በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡት። እበት፣ አፈር፣ የቡና ዱቄት እባካችሁ አታድርጉበት። ቁስሉ ጥልቅ ከሆነ፣ ጣቱ አልታጠፍ ካለ፣ ወይም የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መውሰዳችሁን እርግጠኛ ካልሆናችሁ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ እብጠቱ። ማጭዱ ሴሎቹን ሲሰነጥቃቸው በውስጣቸው የነበረው ኤቲፒ ወደ ውጭ ይፈሳል። ኤቲፒ የሴል ጉልበት ነው፤ በጤናው ጊዜ ሴል ውስጥ ያለው ውጭ ካለው በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ውጭ ሲበዛ፣ ኡኡታ የሰማ ጎረቤት ዱላውን ይዞ እንደሚወጣ፣ የመከላከያ ሴሎች ይነሣሉ። ማስት የሚባሉት ሴሎች ሂስታሚን የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃሉ። የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ፈሳሽም ያሳልፋል። መቅላቱ፣ መሞቁ፣ ማበጡ የዚህ ውጤት ነው። ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ደግሞ ሕመሙን ያባብሰዋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚደንቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ሲዲ39 እና ሲዲ73 የሚባሉ ኢንዛይሞች ያንኑ ኤቲፒ ደረጃ በደረጃ እየቆራረጡ አዴኖሲን ያደርጉታል። አዴኖሲን የተቆጡትን ሴሎች ያበርዳል። ቁጣው የሚበርደው በራሱ በቀስቃሹ ቅሪት ነው ማለት ነው!

ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ቁስሉ ዙሪያ ትንሽ ቢያብጥ አትደንግጡ። የእብጠቱን ዳር በእስክሪብቶ አስምሩና ጠዋት ማታ እዩት። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላት ቶሎ አይለይም። ስለዚህ በሌላው እጃችሁ ጀርባ ዳስሱት፤ ሙቀቱንም ከጤነኛው እጅ ጋር አስተያዩት። እብጠቱ መስመሩን ካለፈ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ቀይ መስመር ወደ ክንድ ከወጣ ማደር የለም፤ ያኔውኑ ኑ።

ከጎረቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ አትዋጡ፤ ሂስታሚን ያመጣውን እብጠት አያጠፋም። ጨጓራ ያለበት ሰው ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ባለሙያ ሳይጠይቅ አይውሰድ። ሌሊት እጃችሁን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉት፤ ፈሳሹ ስለሚወርድ ውጋቱ ይቀላል።