ከምርጫ ማግስት እስከ ቃለ መሐላ፦ የተመራጭ ፕሬዚዳንትን ሰጥቶ መቀበል እንዴት መመዘን ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ የአሜሪካ ምርጫ ወሬ የሚደምቀው ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ድምፅ የሚሰጥበት፣ ከጥቅምት 23 እስከ 29 ባሉት ቀናት መካከል የሚውለው ማክሰኞ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቃለ መሐላ የሚፈጸምበት ጥር 12 ሲሆን፣ ዕለቱ ቃና ዘገሊላ፣ የሚካኤል ታቦት ከፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወደ መንበሩ የሚመለስበት በመሆኑ፣ በዋሽንግተን እኩለ ቀን፣ በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ እንግዳ የሞላው ቤት ሁሉ ቴሌቪዥኑን ከብቦ ይገኛል። በመካከል ያሉት ከ73 እስከ 79 የሚደርሱ ቀናት ግን እምብዛም አይወራባቸውም፤ ነገር ግን ተመራጩ ለማን ምን እንደሰጠና በምላሹ ምን እንደተቀበለ በአብዛኛው የሚታወቀው በእነዚያ ቀናት ነው። ይህ መመሪያ ያን ጊዜ በማስተዋል መከታተል ለሚፈልግ አንባቢ የተዘጋጀ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትና የወር ቀናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የሚደራደርበት ሥልጣን በእርግጥ በተመራጩ እጅ መሆኑን ያረጋግጡ። በአገራችን ፕሬዚዳንቱ በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ፣ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለ6 ዓመት የሚመረጥ ርእሰ ብሔር ነው፤ ከፍተኛው የአስፈጻሚነት ሥልጣን ግን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። ይህን ለጎንደር ሰው ማብራራት ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል፤ በእነ ራስ ጉግሣና በራስ ዓሊ ዘመን ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ እዚህ ግቢው ውስጥ ሲቀመጥ፣ የሚሾመውና የሚሽረው ደብረ ታቦር የተቀመጠው ራስ ነበር። የአሜሪካና የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንቶች ግን ርእሰ ብሔርም ርእሰ መንግሥትም ስለሆኑ፣ ምሳሌዎቻችንን ከእነርሱ እንወስዳለን።

ቀጥሎ አንድ ደብተር ይያዙና ገጹን በአራት ዓምድ ይክፈሉት፦ የሰጠው፣ ለማን፣ የተቀበለው፣ እስከ መቼ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ዓምድ ብቻ ሞልቶ ይፈርዳል።

በብዛት የሚመጣልዎት የሹመት ዜና ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እየተባለ ባደግንበት አገር ሹመት ለባለቤቱ የተቆረሰ እንጀራ መስሎ ስለሚታየን፣ ተፎካካሪ ተሾመ ሲባል ቶሎ የምንጠረጥረው ጉቦን ነው። ባራክ ኦባማ በ2008 መጨረሻ የቡሽን የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስን በሥራቸው ላይ እንደሚያቆዩ ሲያስታውቁ፣ እኔም በደብተሬ «ሰጠ» የሚለውን ብቻ ጽፌ ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ ትቼው ነበር። የኢራቅን ጦርነት ተቃውሞ የተመረጠ ሰው ጦርነቱን ሲመራ የቆየውን ሚኒስትር ማስቀረቱ ሽንፈት መስሎኝ ነበር። ዓምዱ የሞላው በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ጌትስ የኤፍ 22 ተዋጊ አውሮፕላን ምርት በ187 እንዲቆም ጠየቁ፣ ምክር ቤቱም በመጨረሻ ተቀበለው። ይህን መሰል ቅነሳ አዲስ የዴሞክራት ሚኒስትር ቢያቀርበው ኖሮ የመከላከያ ጠላት ተብሎ መከሰሱ አይቀርም ነበር። በቅድመ ምርጫው ተፎካካሪያቸው ለነበሩት ለሂላሪ ክሊንተን የተሰጠው የውጭ ጉዳይ ሹመትም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው፤ ኦባማ በቅድመ ምርጫው የተከፈለውን ፓርቲ የሚጠግኑበት አጋጣሚ ሲያገኙ፣ ባለቤቷ ቢል ክሊንተን ደግሞ የፋውንዴሽናቸውን ለጋሾች ስም ይፋ ለማድረግ ተስማምተዋል። አዲስ ዕጩ ሚኒስትር ሁሉ በሴኔቱ መጽደቅ ስላለበት፣ የዕጩዎችን ስም እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ይዘው ይጻፉ፤ በዚያው ወቅት ለንግድ ሚኒስትርነት የታጩት ቢል ሪቻርድሰን ቃለ መሐላው ሳይደርስ ራሳቸውን አግልለዋል።

ተመራጩ «አልስማማም» ያለበትን ጉዳይም መመዝገብ አይዘንጉ። በ1932 ፍራንክሊን ሩዝቬልት ሲመረጡ ርክክቡ የሚፈጸመው በመጋቢት 4 ስለነበር፣ ባንኮች እየተዘጉ አገሪቱ አራት ወር ቆይታለች። ተሰናባቹ ሁቨር ተመራጩ የእርሳቸውን ፖሊሲ አብረው እንዲደግፉ ደጋግመው ቢጠይቁም፣ ሩዝቬልት ሥልጣን ሳይዙ ኃላፊነት አልወስድም ብለው እምቢ አሉ። በእኔ እይታ እምቢታው ለሩዝቬልት የፖለቲካ ጥቅም ነበረው፣ ዋጋውን የከፈለው ግን ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠው ሕዝብ ነው። ቀኑን ወደ ጥር 20 (በእኛ ጥር 12) ያመጣው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሃያኛው ማሻሻያ በ1933 ጸድቋል። በጥር 2009 ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሆነ፤ ከ700 ቢሊዮን ዶላሩ የባንክ መታደጊያ ቀሪው 350 ቢሊዮን እንዲለቀቅ ምክር ቤቱን የጠየቁት ተሰናባቹ ቡሽ ሲሆኑ፣ ይህን ያደረጉት በኦባማ ጥያቄ ነበር። እንዲህ ያለ ዜና ሲያዩ፣ ሐሜቱን ማን እንደተሸከመ በሁለተኛው ዓምድ ላይ ያስፍሩ።

ከአራቱ ዓምዶች በጣም ቸል የሚባለው የመጨረሻው ነው፤ እኔ ግን ስምምነትን ከእጅ መስጠት የሚለየው እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ኔልሰን ማንዴላ በ1994 ፓርቲያቸው 62 ከመቶ ተኩል ያህል ድምፅ አግኝቶ ሲያሸንፍ፣ በጊዜያዊው ሕገ መንግሥት መሠረት ከ400 የምክር ቤት መቀመጫ 80 ያገኘ ፓርቲ ምክትል ፕሬዚዳንት የመሰየም፣ 20 ያገኘ ደግሞ ካቢኔ የመግባት መብት ነበረው። ስለዚህ ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ደ ክለርክ ከማንዴላ ፓርቲው ታቦ እምቤኪ ጋር ምክትል ሆኑ፣ የኢንካታ ፓርቲ መሪ ቡተሌዚም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ የብሔራዊ ባንኩ ገዥም በቦታቸው ቀሩ። ሥልጣን ለጊዜው የመጋራቱን ሃሳብ በ1992 ካቀረቡት አንዱ ኮሚኒስቱ ጆ ስሎቮ ሲሆኑ፣ የራሳቸው ጓዶች እንኳ «ይህን ሁሉ ለምን እንሰጣለን?» ብለው ተቃውመዋቸው ነበር። መልሱ አራተኛው ዓምድ ላይ ነበር፦ የጋራ መንግሥቱ ዕድሜ እስከ 1999 ብቻ ነው። የደ ክለርክ ፓርቲ በ1996 በራሱ ፈቃድ ወጣ፣ አገሪቱም አዲሱን ሕገ መንግሥት ጨርሳ ቀጠለች። በአንጻሩ መሬትና ሀብት ላይ የተሰጠው ዋስትና የሚያበቃበት ቀን አልነበረውም፤ እስከ ዛሬም ክርክሩ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

ከቃለ መሐላው በኋላ ደብተሩን አይጣሉት። ኦባማ በጥር 22 ቀን 2009 የጓንታናሞ እስር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ ትእዛዝ ፈርመው ነበር፤ ቀኑ የተቆረጠለት ቃል በመሆኑ በወቅቱ አራተኛውን ዓምድ በደስታ ሞልቼዋለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ታቦት ሸኝተን ስንመለስ እስር ቤቱ ክፍት ነበር፣ ስምንት ዓመት ገዝተው ሲወጡም አልተዘጋም። ስለዚህ የተጻፈ ቀን ካገኙ፣ ቀኑን እንዲያስከብር የሚያስገድድ ሕግ ወይም ሌላ ተዋዋይ ወገን መኖሩን ከጎኑ ይጻፉ፤ በማንዴላ ስምምነት ሕገ መንግሥቱ ነበረ፣ በጓንታናሞው ግን ከፊርማው በቀር የሚያስገድድ አልነበረም። ደብተሩንም በሚቀጥለው ቃና ዘገሊላ ምሽት እንደገና ይክፈቱት።