ወታደራዊ የሱፍ ሹራቦች፦ ሲሰበስቡም ሆነ አስመስለው ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ከለበሳቸው ነገሮች መካከል እስከ ዛሬ ለመቆየት የሚቸገረው ሹራቡ ነው። የብረት ቆብ ይዝጋል እንጂ አይጠፋም፤ አዝራርም ሣጥን ውስጥ ዘመናትን ያሳልፋል፤ ሹራብ ግን ባለቤቱ ለብሶ ይጨርሰዋል፣ ብል ይበላዋል፣ ወይም ተተርትሮ ክሩ ለልጅ ካልሲ ይውላል። በደህና የተረፈው ጥቂት፣ ፈላጊው ደግሞ ብዙ በመሆኑ በዚህ ሥራ ላይ ስህተት ይበዛል። እኔ እስካየሁት ድረስ የአብዛኛው ስህተት ምንጭ አንድ ነው፤ ሰው በእጁ የያዘውን ክርና አሠራር መመርመር ትቶ ስለ ሹራቡ የተነገረውን ያምናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ስህተት ስምን እንደ ዕድሜ ማስረጃ መቁጠር ነው። ፊትን ብቻ የሚያሳየው ባላክላቫ የተባለው የራስ ልብስ ስያሜውን ያገኘው በክራይሚያ ጦርነት ወቅት በጥቅምት ወር 1854 ዓ.ም. ከተካሄደው የባላክላቫ ውጊያ ነው፤ ከፊት በአዝራር የሚዘጋው ካርዲጋን የተባለው ሹራብም በዚያው ውጊያ የቀላል ፈረሰኛ ብርጌዱን ለጥቃት ከመሩት ከሎርድ ካርዲጋን፣ ራግላን የሚባለው የእጅጌ አሠራር ደግሞ በዋተርሉ ውጊያ ቀኝ እጃቸውን ካጡት ከሎርድ ራግላን ስማቸውን ወስደዋል። ይሁን እንጂ ባላክላቫ የሚለው መጠሪያ ለልብሱ የተለመደው ከውጊያው ብዙ ዓመታት ቆይቶ ስለሆነ፣ ሻጭ ስሙን ስለጠራ ብቻ ዕቃው የክራይሚያ ዘመን ነው ብሎ መቀበል አይገባም።

ሁለተኛውና ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ስህተት ምልክቶችን ማደባለቅ ነው። በእንግሊዝ ሹራቦች ላይ ሁለት የተቆረጡ ክብ ቅርጾች የሚመስሉ የሲ ፊደላት ከ41 ቁጥር ጋር ሲታዩ ብዙ ሰው “የጦርነት ዘመን ስለሆነ የወታደር ነው” ይላል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ይህ ምልክት ከ1941 እስከ 1952 በመንግሥት ቁጥጥር ሥር በተወሰነ ጥራትና ዋጋ የተመረተ የሲቪል ልብስ መለያ ነበር። የጦር ኃይሉ ንብረት የሚታወቀው እንደ ወፍ ኮቴ ሦስት ጭረት ባለው የቀስት ጫፍ ሲሆን፣ እሱም ብቻውን ዓመት አይናገርም። በአንጻሩ በመለያ ጨርቁ ላይ አሥራ ሦስት አኃዝ ያለው ረጅም ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች ቀጥሎ 99 ካለው፣ ያ የኔቶ የዕቃ ቁጥር ነው፤ 99 የብሪታንያ መለያ ስለሆነ ልብሱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለመሠራቱ በቂ ማስረጃ ነው። ትከሻውና ክርኑ ላይ ጨርቅ የተለጠፈበት ወፍራም አረንጓዴ ሹራብ “የኖርማንዲ ኮማንዶ የለበሰው” ተብሎ ተሽጦልኝ፣ ቤቴ ወስጄ አንገቱን ስገለብጠው ይህንኑ ቁጥር አግኝቼበታለሁ። ሻጩን አልወቅስም፤ ከመክፈሌ በፊት መገልበጥ ነበረብኝ።

መለያ ጨርቁ በእጥበት ከጠፋ የሚቀረው ማስረጃ ክሩ ነው። አክሪሊክ የሚባለው ሰው ሠራሽ ክር ለገበያ የቀረበው በ1950 አካባቢ በመሆኑ፣ አክሪሊክ የተቀላቀለበት “የ1944” ሹራብ ሊኖር አይችልም። ከውስጥ ስፌት ከተረፈ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ክር ወስዶ በወረንጦ ይዞ በብረት ሳህን ላይ ማቃጠል እውነቱን ያወጣል፤ ሱፍ ቀስ ብሎ ይቃጠላል፣ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ይደቃል፤ አክሪሊክ ግን ይቀልጥና እንደ ዶቃ የጠጠረ ጥቁር እብጠት ይተዋል። ሰብሳቢዎች በሚወዱት የአልትራቫዮሌት መብራት ላይ ብቻ መተማመን ደግሞ ሌላ ስህተት ነው፤ አዲስ ክር በመብራቱ ሥር ሲያበራ እውነት ነው፣ ነገር ግን እውነተኛ አሮጌ ሹራብም አንድ ጊዜ በዘመናዊ የዱቄት ሳሙና ከታጠበ፣ ሳሙናው ውስጥ ያለው የሚያነጣ ንጥረ ነገር ስለሚቀርበት እንዲሁ ያበራል።

አስመስለው የሚሠሩ ሰዎች ዋና ስህተት ደግሞ የእጅ ሥራንና የማሽን ሥራን አለመለየት ነው። በአሜሪካ ቀይ መስቀል አማካይነት በጎ ፈቃደኞች በቤታቸው የሠሯቸው እጅጌ አልባ ሹራቦች፣ ካልሲዎችና የአንገት ልብሶች የእጅ ሥራዎች ስለሆኑ ዛሬም በእጅ መሥራታቸው ትክክል ነው። የአሜሪካ ጦር በ1941 ሞዴል ያወጣው፣ ከግንባር በላይ አጭር ጥላና ወደ ጆሮ የሚወርድ እጥፋት ያለው የሱፍ ቆብ ግን በማሽን የተሠራና በብረት ቆቡ ሥር እንዲገባ የታሰበ ስስ ዕቃ ነው፤ በወፍራም ክር በእጅ ከሠሩት መልኩን ቢመስልም የብረት ቆቡ አናት ላይ አልቀመጥ ይላል። የእንግሊዝ ኮማንዶዎች አረንጓዴው ቆብ ከመምጣቱ በፊት ያዘወትሩት የነበረው የራስ ልብስም በስህተት ጫፉ ክፍት የሆነ የአንገት ልብስ ተደርጎ ይሠራል። እውነተኛው በሁለቱም ጫፍ የተዘጋ ረጅም የሹራብ ቱቦ ነው፤ ሲዘረጋ አንገት ላይ ይጠመጠማል፣ ግማሹ ወደ ግማሹ ውስጥ ገብቶ ጠርዙ ሲጠቀለል ደግሞ ቆብ ይሆናል። ብልሃቱ ያለው መዘጋቱ ላይ ነው።

የዘመኑን የአሠራር መመሪያ የሚከተሉ ሰዎች ደግሞ የመርፌ ቁጥር ያሳስታቸዋል። በድሮው የእንግሊዝ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ በአሜሪካው ግን ይወፍራል። ስለዚህ የእንግሊዝ 10 ቁጥር 3.25 ሚሊሜትር ሲሆን የአሜሪካ 10 ቁጥር 6 ሚሊሜትር ነው፤ የእንግሊዝ 14 ደግሞ 2 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ቀይ መስቀል የራሱ የመርፌ ቁጥሮች ስለነበሩት፣ መመሪያው ከየት እንደወጣና በየትኛው ጦርነት እንደታተመ ሳያረጋግጡ መርፌ ማንሳት ድካም ነው። የሹራብ አሠራር ዓይነቶች ስያሜም እንዲሁ ይምታታል፤ አሜሪካኖች ሲድ ስቲች የሚሉትን እንግሊዞች ሞስ ስቲች ይሉታል፤ አሜሪካኖች ራሳቸው ሞስ ስቲች ሲሉ ደግሞ ሌላ አሠራር ማለታቸው ነው።

ከሁሉ በላይ ግን የናሙና ቁራጭ፣ ማለትም በአንድ ኢንች ስንት የክር ቀለበት እንደሚወጣ የሚለካበት ትንሽ ሹራብ፣ ሳይሠሩ መጀመር ያስከፍላል። ሰው ትዕግሥት አጥቶ ይህን እንደሚዘልለው አውቃለሁ፣ እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። መመሪያው በአንድ ኢንች 6 ቀለበት ብሎ የደረት ዙሪያው 38 ኢንች ከሆነ የሚያስፈልገው 228 ቀለበት ነው። የሠሪው እጅ ላላ ብሎ በኢንች 5 ተኩል ከሆነ ያው 228 ቀለበት ከ41 ኢንች በላይ፣ ማለትም 105 ሴንቲሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ልዩነት በቤት ሹራብ ላይ ምቾት ሊባል ይችላል፤ የእንግሊዝ ወታደር ሹራብ ግን ከሸሚዝ በላይ፣ ከአጭሩ የጦር ሜዳ ጃኬት ሥር የሚለበስና ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ ስለነበር፣ የሰፋው ወገብ ላይ ይጠቀለላል። የዘመኑ ሱሪ ከፍ ብሎ ወገብ ላይ ስለሚታሰርም ሹራቡ አጭር ነበር፤ ዛሬ በለመድነው ርዝመት ሲሠራ ገና ከሩቁ ያስታውቃል።

ስለ ቀለም ብዙ ማለት አያስፈልግም። ካኪ አንድ ቀለም አይደለም፤ የወይራ ቀለሙም እንደ አምራቹ ይለያይ ነበር። የሚመረጠው ክር ሰማንያ ዓመት ፀሐይ ከመታው ደረት ጋር ሳይሆን ብርሃን ካላገኘው የስፌት ውስጠኛ ክፍል ጋር ይመሳከር።

የአያያዝ ስህተት ግን የማይመለስ ነው። ሱፍ ሙቅ ውኃ፣ ፍትጊያና ብርቱ ሳሙና ሲያገኘው የጸጉሮቹ ቅርፊቶች ይጠላለፉና ተኮማትሮ እንደ በርኖስ ይጠጥራል፤ ያንን የሚፈታ ነገር የለም። የባሕር ሰርጓጅ መርከበኞች ይለብሱት የነበረውን ነጣ ያለ ባለ ረጅም አንገት ሹራብ ለማንጻት በረኪና መጠቀም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ በረኪና ሱፍን አሟሙቶ ይጨርሰዋል። ለብ ባለ ወይም ቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ሳያሹ አጥቦ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ውኃውን ማስወጣትና አግድም ዘርግቶ ማድረቅ ይገባል። መስቀያ ላይ የሚውል ሹራብ ክብደቱ ትከሻውን ስለሚጎትተው ታጥፎ ይቀመጥ። አዲስ የመጣ ዕቃ ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ቢቆይ የብል ዕጭ ይሞታል፤ ከረጢቱ የሚከፈተው ግን ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ አለበለዚያ ጤዛው ሱፉን ያረጥበዋል።

የቀድሞ ጥገናን “ለማስዋብ” መፍታትም ትልቅ ጥፋት ነው። ከ1941 ጀምሮ በእንግሊዝ ልብስ ብቻ ሳይሆን የሹራብ ክርም በኩፖን ይሸጥ ስለነበር፣ ክርኑ ላይ ቀለሙ የማይገጥም ክር ቢታይ እሱ ራሱ የዘመኑ ምስክር ነው። እኛም ቤት ተመሳሳይ ነገር ሊገኝ ይችላል፤ ከ1951 ጀምሮ በኮሪያ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር የተሰለፉት የቃኘው ሻለቃ ጦሮች የአሜሪካ የክረምት ልብስ ይለብሱ ስለነበር፣ የአያት ሣጥን ውስጥ የተገኘ የወይራ ቀለም ሹራብ ታጥቦና ተጠግኖ “አዲስ” ከመደረጉ በፊት ከነእድፉ ፎቶ መነሳትና የማን እንደነበር መጻፍ አለበት።

አስመስሎ የሚሠራም ሰው በውስጥ ስፌቱ ላይ የሠራበትን ዓመት በማይታጠብ ቀለም የጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ይስፋበት። ሻይ ውስጥ እየነከሩ ማስረጀትና የሐሰት መለያ መለጠፍ የሚወዱ አሉ፤ ሹራቡ ከእነሱ እጅ ወጥቶ ሦስተኛው ገዢ ጋ ሲደርስ ማንም እውነቱን የሚነግረው የለም።